ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ፦ የከተማ ውሃ አቅርቦትና የፍሳሽ መሠረተ ልማትን በዕድሜ ዘመኑ ሁሉ ስለ ማስተዳደር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)





ንግግሬን ከጎንደር ልጀምር። የፋሲል መዋኛ ተብሎ የሚጠራውን ሥፍራ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ ገንዳ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። በየዓመቱ ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ገንዳው ይጠረጋል፤ ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚያመጣው ቦይ ይጸዳል፤ ከዚያም ውሃው እንዲገባ ይደረጋል። ጥር 11 ቀን ሕዝቡ በዙሪያው ይሰበሰባል። እንደ መሐንዲስ ሥፍራውን ባየሁ ቁጥር ከግንቡ ይልቅ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ገንዳው ቀን ያለው መሆኑ ነው። ቦዩ ቢደፈን፣ ግድግዳው ቢሰነጠቅ፣ በዚያ ቀን ሁሉም ሰው ያየዋል። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት አንድ ሰው ወርዶ ማየት፣ መጥረግና መጠገን ግድ ይሆንበታል።

ከመንገዳችን ሥር የተቀበረው የውሃ ቱቦ እንዲህ ያለ ቀን የለውም። በዕድሜው የሚያየው በዓል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሪባን ተቆርጦ የተመረቀበት ዕለት። ከዚያ በኋላ አፈር ይለብሳል፤ ከእኛም ሐሳብ ይወጣል። የሚታወሰው ሲፈነዳ ነው። ዛሬ ላቀርብላችሁ የምፈልገው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ለጥገናው ቀን፣ በጀትና ባለቤት ያልተወሰነለት መሠረተ ልማት፣ ምንም ያህል በጥሩ ሁኔታ ቢገነባ፣ ለተተኪው ትውልድ ዕዳ ሆኖ ይተላለፋል።

የሕይወት ዑደት ስንል ምን ማለታችን ነው?

አንድ የውሃ መሥመር ይታቀዳል፣ ይነደፋል፣ ይገነባል፣ ያገለግላል፣ ይጠገናል፣ ይታደሳል፣ በመጨረሻም ይተካል። ይህን ሁሉ እንደ አንድ ሥራ ቆጥሮ መምራት የሕይወት ዑደት አስተዳደር ይባላል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው አይኤስኦ 55000 የተባለው ደረጃም በመሠረቱ የሚለው ይህንኑ ነው፦ ንብረትህን እወቅ፣ ከንብረትህ የምትፈልገውን አገልግሎት ወስን፣ ወጪውን በሙሉ ዕድሜው አስላ፣ አደጋውን መዝን።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በጨረታ ሰነዶቻችን ላይ የሚወዳደረው በአብዛኛው የመግዣና የመገንቢያ ዋጋ ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ለአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ ያመጣው ከእንጦጦ ነው፤ ውሃው በራሱ የስበት ኃይል ይመጣ ነበር። ዛሬ ደግሞ ከአዲስ አበባ ውሃ ከፍተኛው ድርሻ የሚገኘው በከተማዋ ዝቅተኛ ክፍል ካለው የአቃቂ የጉድጓድ ውሃና ከመሰል ጉድጓዶች ነው። ያ ውሃ ወደ ላይ መገፋት አለበት።

አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 300 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ምንም ዓይነት ብክነት ባይኖር እንኳ፣ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ፓምፑና ሞተሩ በአንድነት 65 በመቶ ብቃት ቢኖራቸው ፍጆታው ወደ 1.26 ከፍ ይላል። ፓምፑ ሳይጠገን አርጅቶ ብቃቱ ወደ 50 በመቶ ቢወርድ 1.6 ይደርሳል። ይህ ልዩነት በእያንዳንዷ ሜትር ኩብ ላይ፣ በየሰዓቱ፣ በየቀኑ፣ ለ15 ወይም ለ20 ዓመት የሚከፈል ነው። ቀንና ሌሊት በሚሠራ ፓምፕ ላይ የመግዣው ዋጋ ከጠቅላላው የዕድሜ ልክ ወጪ ትንሹ ክፍል ሲሆን ትልቁ የኤሌክትሪክ ክፍያው ነው። እኛ ግን የምንከራከረው በትንሹ ላይ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ለአዲስ ግዢ የምናሳየውን ትጋት በእጃችን ላለው መሣሪያ ስናሳይ አንታይም።

በአንድ መንገድ ሥር ያሉ ብዙ ዕድሜዎች

የአዲስ አበባን የውሃ ሥርዓት እንደ አንድ አካል ብናየው የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ብልቶች አሉት። የገፈርሳ ግድብ የ1930ዎቹ ነው፤ ለገዳዲ የ1960ዎቹ መጀመሪያ፤ ድሬ የ1990ዎቹ። በመካከላቸው በየዘመኑ የተቀበሩ የብረት፣ የፒቪሲና የፕላስቲክ ቱቦዎች አሉ። የኮንክሪት ግንብ በአግባቡ ከተያዘ ከ50 እስከ 100 ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ፓምፕና የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ከ15 እስከ 20 ዓመት ነው። የውሃ ቆጣሪ ደግሞ ከ10 ዓመት በኋላ ትክክል መቁጠሩን መጠራጠር ይገባል፤ ያረጀ ቆጣሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው አሳንሶ በመቁጠር ስለሆነ ከደንበኛው አቤቱታ አይመጣም።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ እንዲይዙልኝ የምፈልገው አንድ ቀላል ስሌት አለ። አንድ ከተማ 1,000 ኪሎ ሜትር የቱቦ መሥመር አለው እንበል፤ የቱቦው አማካይ ዕድሜም 50 ዓመት ነው እንበል። ሥርዓቱ እንዳያረጅ በየዓመቱ 20 ኪሎ ሜትር መተካት አለበት። ከተማው በበጀት እጥረት ምክንያት በዓመት 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢተካ፣ መላውን መሥመር ለማዳረስ 200 ዓመት ይፈጅበታል። ማንም ባለሥልጣን 200 ዓመት የሚያገለግል ቱቦ ገዝቻለሁ አይልም። በጀቱ ግን እንዲያ እያለ ነው።

ያረጀ ቱቦ ዋጋው በሁለት መንገድ ይከፈላል። አንደኛው የሚፈሰው ውሃ ነው። በሴኮንድ 1 ሊትር የሚያፈስ አንድ ስንጥቅ በቀን 86,400 ሊትር ያባክናል። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብናስብ፣ ይህ ከ1,700 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች የሚበቃ ውሃ ነው። ከተጣራና ወደ ላይ ከተገፋ በኋላ የጠፋ ውሃ በመሆኑም የኬሚካሉና የኤሌክትሪኩ ሒሳብ አብሮት ይፈሳል።

ሁለተኛው ዋጋ የሚከፈለው በጤና ነው። ሁላችንም ፈረቃን እናውቃለን። ሮቶው፣ በርሜሉና ጀሪካኑ በየቤታችን የቆሙት በፈረቃ ምክንያት ነው። ፈረቃ የውሃ እጥረት ውጤት ብቻ ተደርጎ ይታያል፤ ቱቦውን የሚያስረጅ ምክንያት መሆኑ ግን ብዙ አይነገርም። መሥመሩ ሲዘጋ ግፊቱ ይወርዳል፤ በስንጥቁ በኩል ይወጣ የነበረው ውሃ ቀርቶ በዙሪያው ያለው የቆሸሸ ውሃ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ውሃው ሲለቀቅ ደግሞ በቱቦው ውስጥ የቆየው አየርና ድንገተኛው ግፊት መጋጠሚያዎችን ይመታል። ስለዚህ ብክነቱ ፈረቃን ያመጣል፤ ፈረቃውም ብክነትን ይጨምራል። ይህን ቀለበት አዲስ ግድብ ብቻውን አይሰብረውም፤ በሚያፈስ እንስራ ላይ ውሃ መጨመር ይሆናል።

ሲቀብሩት የነበሩ ሰው

አሁን ከራሴ ገጠመኝ አንዱን ላካፍላችሁ። ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ በአንድ የክልል ከተማ የውሃ አገልግሎት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት ገበያው አጠገብ ዋናው መሥመር ፈነዳ። ውሃው የነጋዴዎችን መጋዘን ማጥለቅለቅ ጀመረ። መዝጊያውን ቫልቭ ለማግኘት ንድፉን ዘርግተን ፈለግን፤ ንድፉ ባመለከተው ሥፍራ ቆፈርን፤ ድንጋይ እንጂ ቫልቭ አልነበረም። ንድፉ ሊሠራ የታሰበውን እንጂ የተሠራውን አያሳይም ነበር። ሌላ ቦታ ቆፈርን፤ አሁንም የለም።

በመጨረሻ ጡረታ የወጡ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ከቤታቸው ተጠርተው መጡ። ሁላችንም ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ከዘራቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ቆሙና፣ «ያ ትልቁ ዋርካ የት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ዋርካው ከተቆረጠ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ባለሱቅ ሥፍራውን አሳያቸው። ከዚያ ተነሥተው እርምጃቸውን እየቆጠሩ ወደ አስፋልቱ መሐል ገቡና በከዘራቸው መትተው «እዚህ ቆፍሩ» አሉ። ቫልቩ ከአስፋልቱ ሥር ተገኘ። እንዴት እንዳወቁ ብጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር፤ «ልጄ፣ ሲቀብሩት ነበርኩ።»

በዚያ ሌሊት ሁላችንም አመሰገንናቸው። በማግስቱ ግን እርሳቸው የሚያውቁትን የጻፈ ሰው አልነበረም። እኔም አልጻፍኩም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደዚያ ከተማ ስመለስ አርፈዋል። የዚያ ከተማ የውሃ ካርታ ከእርሳቸው ጋር ተቀበረ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ስንፍናዬን ለመናዘዝም ጭምር ነው፤ አንድ ደብተርና ሁለት ቀን የሚጠይቅ ሥራ ነበር።

የሕይወት ዑደት አስተዳደር የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ ምን አለን? የት ነው? መቼ ተቀበረ? ከምን ተሠራ? በምን ሁኔታ ላይ ነው? ስንት ጊዜ ተጠገነ? ውድ የሆነ ሶፍትዌር ቢኖር መልካም ነው፤ የመጀመሪያው መዝገብ ግን በወረቀትም ቢሆን ሊጀመር ይችላል። እያንዳንዱ የጥገና ቡድን ከጉድጓዱ ከመውጣቱ በፊት የቱቦውን ዓይነት፣ ጥልቀቱንና የብልሽቱን ምክንያት ቢመዘግብ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የትኛው ሠፈር መጀመሪያ መታደስ እንዳለበት መዝገቡ ራሱ ይነግረናል።

በዚህ ረገድ አሁን ያለንበት ጊዜ ልዩ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማት ብዙ መንገዶችን ቆፍሯል። አዳዲስ የውሃ፣ የፍሳሽና የጎርፍ መሥመሮች ተቀብረዋል፤ እየተቀበሩም ነው። መሬቱ እንዲህ ተከፍቶ የሚታይበት አጋጣሚ በአንድ ትውልድ አንዴ የሚገኝ ነው። በጥድፊያ መካከል የተቀበረው ሁሉ በትክክለኛው ሥፍራውና ጥልቀቱ ተመዝግቦ፣ ንድፉም እንደ ተሠራው ተስተካክሎ ለባለቤቱ መሥሪያ ቤት ካልተላለፈ፣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጡት መሐንዲሶች እንደ እኛው የተቆረጠ ዋርካ ሲፈልጉ ያድራሉ።

የጎርፍ መውረጃውና የዘመን መቁጠሪያው

ወደ ጎርፍ መውረጃዎች ልለፍ። ከውሃ ቱቦ ይልቅ ለዓይን ቅርብ ናቸው፤ ሆኖም የበለጠ የተረሱት እነርሱ ናቸው። በዲች ውስጥ የተጠራቀመ ደለልና ቆሻሻ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ ብዙ ጊዜ ይቃለላል። ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ዲች እንውሰድ። ግማሹ በደለል ቢሞላ ግማሽ አቅሙ የቀረ ይመስለናል። የሃይድሮሊክስ ስሌት ግን ሌላ ይላል፤ የውሃው መተላለፊያ ሲጠብ ከግድግዳውና ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃ በአንጻሩ ስለሚጨምር የሚቀረው አቅም 41 በመቶ ያህል ነው። 60 በመቶ ሊጠጋ ትንሽ የቀረው አቅም ጠፍቷል ማለት ነው። ከዚያ ጎርፍ ሲመጣ «ዝናቡ ከመጠን በላይ ነበር» እንላለን።

ታዲያ ዲቹ መቼ ይጠረግ? መልሱን ማንኛውም ገበሬ ያውቀዋል፤ ክረምት ሳይገባ፣ በሚያዝያና በግንቦት። የመንግሥት የበጀት ዓመት ግን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። በግንቦት ወር የጥገናው ሒሳብ ተሟጥጦ ያለቀበት ጊዜ ይሆናል። አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ተደልድሎ፣ ግዢው ተፈጽሞ ሠራተኛው አካፋ ይዞ ሲወጣ ነሐሴ ገብቷል፤ ዲቹም በውሃ ተሞልቷል። ይህን ለማስተካከል የበጀት ዓመቱን መቀየር አያስፈልግም። ለቅድመ ክረምት ጠረጋ የሚውለው ገንዘብ ከሐምሌ ጀምሮ ለብቻው ተለይቶ፣ ለሌላ ሥራ እንዳይዛወር ተደርጎ እስከ ሚያዝያ ቢቀመጥ ይበቃል። የፋሲል መዋኛ ጥር 11 እንዳለው ሁሉ፣ ዲቹም ግንቦት 30 ይኑረው እላለሁ።

ሌላው ችግር የባለቤትነት ነው። በአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃውና የፍሳሽ መሥመሩ በውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሥር ናቸው፤ የመንገድ ዳር የጎርፍ መውረጃው በመንገዶች ባለሥልጣን፤ ወደ መውረጃው የሚጣለው ደረቅ ቆሻሻ ደግሞ የጽዳት መሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው። ውሃው ግን ይህን የሥራ ክፍፍል አያውቅም። የፍሳሽ መሥመር ያልደረሰለት ቤት ፍሳሹን ወደ ጎርፍ መውረጃው ይለቃል፤ ያም ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ ወንዙም ታች ላለው አትክልት አምራች ይደርሳል። በተቃራኒው የጣሪያ ውሃ ወደ ፍሳሽ መሥመር ሲገናኝ፣ በክረምት ማንሆሎች ከፍተው ይወጣሉ፤ ቃሊቲ ያለው የማጣሪያ ጣቢያም ማጣራት ከሚገባው በላይ የዝናብ ውሃ ይሸከማል። ስለዚህ የንብረት መዝገቡ ቢያንስ አንድ ሊሆን ይገባል። ሦስት መሥሪያ ቤቶች ሦስት በጀት ቢኖራቸው ችግር የለውም፤ ካርታቸው ግን አንድ ይሁን።

የሚቻል ለመሆኑ

«ይህ ለሀብታም አገሮች ነው» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርብልኛል። ለዚህ መልስ የምሰጠው በካምቦዲያ ዋና ከተማ በፕኖም ፔን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ያቺ ከተማ ከረጅም የጦርነት ዘመን ገና መውጣቷ ነበር። ከሚመረተው ውሃ 72 በመቶ ያህሉ ገቢ ሳያስገኝ ይጠፋ ነበር፤ ውሃውም በቀን ለ10 ሰዓት ያህል ብቻ ይለቀቅ ነበር። ኤክ ሶን ቻን የተባሉት ሥራ አስኪያጅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉት ነገር ምሥጢር የለውም። ደንበኞችን ቤት ለቤት ቆጥረው መዘገቡ፤ ለእያንዳንዱ ቆጣሪ ገጠሙ፤ ባለሥልጣንም ይሁን ተራ ሰው የተጠቀመ ሁሉ እንዲከፍል አደረጉ፤ ያረጁ ቱቦዎችን በተራ ተኩ፤ ቀንና ሌሊት የሚሠራ የብክነት ጥገና ቡድን አቋቋሙ። ከ15 ዓመት ባነሰ ጊዜ ብክነቱ ከ10 በመቶ በታች ወረደ፤ ውሃውም 24 ሰዓት ሙሉ መምጣት ጀመረ። የውጭ እርዳታና ብድር ነበራቸው፤ እኛም አለን። ለውጡን ያመጣው ገንዘቡ በምን ሥርዓት ላይ እንደ ዋለ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ታሪፍ አንድ ቃል ልበል። ውሃ ለድሃው እንዳይወደድ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ታሪፉ ጥገናን እንኳ የማይሸፍን ሲሆን የሚጎዳው መጀመሪያ ያው ድሃ ነው። መሥመሩ ሲበላሽ ባለጠጋው ሮቶ ይሞላል፣ ቦቴ ያስመጣል፤ ድሃው ግን ውሃን በጀሪካን፣ ቧንቧው ከሚያስከፍለው በብዙ እጥፍ ዋጋ ይገዛል። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትር ኩቦች ዝቅተኛ ዋጋ፣ ከዚያ በላይ ለሚጠቀም ደግሞ ጥገናንና ተተኪ ንብረትን የሚሸፍን ዋጋ ማስከፈል ፍትሕም ምሕንድስናም ነው።

የእኛ ድርሻ

እስካሁን ስለ ሌሎች ተናገርኩ። አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ባለፈው ክረምት ያወጣኋቸውን የቆዩ የፈተና ወረቀቶች ሳገላብጥ ነበር። ግድብ ንደፉ፣ የቱቦ ስፋት አስሉ፣ ማጣሪያ ጣቢያ አቅዱ የሚሉ ጥያቄዎች ሞልተዋል። «ይህ ቱቦ 40 ዓመት ሆኖታል፤ ይጠገን ወይስ ይተካ? ምክንያትህን ጻፍ» የሚል አንድ ጥያቄ ፈልጌ አጣሁ። ከእኔ ክፍል የወጡት መሐንዲሶች ዛሬ በየከተማው ኃላፊዎች ናቸው። አዲስ ነገር መገንባትን የሚወዱ ከሆነ፣ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከዚህ ዓመት ጀምሮ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎቼ አዲስ ንድፍ ከመሥራታቸው በፊት በሥራ ላይ ያለ አንድ ሠፈር መሥመር ይመዘግባሉ፤ ቫልቮቹን ያገኛሉ፤ የቆዩትን ሠራተኞች ያነጋግራሉ፤ የሰሙትንም ይጽፋሉ። በየከተማው ውሃ አገልግሎት ውስጥ ሲቀብሩት የነበሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ብዙዎቹ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ጥቂት ዓመት ነው። ከእነርሱ ጋር ለመቀመጥ የምርምር በጀት መጠበቅ አያስፈልገንም።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። የጥገና ሳይንስ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ አለ ብል ስህተት አይመስለኝም። እዚህ ካላችሁት መካከል ነገ አንድ ፕሮጀክት የምታስመርቁ ትኖራላችሁ። ሪባኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መዝገቡ የት አለ? የመጀመሪያው የጥገና ቀን መቼ ነው? የዚያ ቀን ገንዘብ በየትኛው ሒሳብ ውስጥ ተቀምጧል? ሦስቱም መልስ ካገኙ ምረቃው ይገባዋል። መልስ ካላገኙ ግን መቀሱን አስቀምጡትና መጀመሪያ መልሱን ፈልጉ።